የሶላሩ ሣጥን አውጫጭኝ

መቼ እንደሆነ ቁረጥ ብትሉኝ አልቆርጥም። ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ጤና ኬላችን አዲስ በርና መስኮት ተገጥሞለት ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ። ባለቤቴ ሚያዝያ ነው ትላለች፤ እኔ የካቲት ይመስለኛል። ፀሐዩ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ነበር፤ በዚያ እንኳ አንጣላም። ፊደል የቆጠርሁት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ቀን መጻፍ ልማድ አላደረግሁም። እኔ የማስታውሰው የሰው ፊት ነው። በዚያ ሰሞን ያየሁትን ፊት ደግሞ መቃብር ካልገባሁ አልረሳውም።

ቀበሌያችን ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ በሚወርደው መንገድ ዳር ናት። ጤና ኬላው ከመንገዱ ከፍ ብሎ ጉብታ ላይ ተቀምጧል። እኔ ዘበኛው ነኝ። ዘበኛ ስላችሁ ጠመንጃ የያዘ እንዳይመስላችሁ፤ ያለኝ ዱላና ጋቢ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከዚያ ቤት ያልተወሰደ ነገር አልነበረም፤ አልጋው፣ ወንበሩ፣ የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር። ኋላ ላይ ጣራው ላይ ሶላር ተተከለ፤ ውስጥ የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ገባ፤ በውጭ በኩል ደግሞ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የብረት ሣጥን ተገጠመ። ከፀሐይ የመጣውን ኃይል ተቀብሎ ለባትሪውና ለፍሪጁ በልክ በልኩ የሚያድለው እሱ ነው አሉን። ቁልፉ አንድ ነው። ሽማግሌዎች በሕዝብ ፊት ለእኔ ሰጡኝ። «አደራ» አሉኝ። ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርሁት።

መጀመሪያ ሰላም ነበር። እየቆየ ግን ፍሪጁ ቀትር ላይ ዝም ማለት ጀመረ። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ፣ ኃይል ሊተርፍ በሚገባው ሰዓት፣ ይጠፋል። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ማንም ሳይነካው ይነሣል። ደመና የሆነ ዕለት ደግሞ በርቶ ውሎ ያድራል እንጂ አይጠፋም። የጤና ባለሙያዋ፣ እኛ «ዶክተሯ» የምንላት ልጅ፣ ክትባቱ እንዳይበላሽባት በበረዶ ዕቃ አድርጋ ወደ ሰቆጣ መለሰችው። ከሩቅ ጎጥ ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ተመለሱ። አንዷ ከቆላው ወገን የመጣች ሴት በሩ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያሸች አየችኝ።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። የሚጠፋ፣ ደግሞ ተመልሶ የሚበራ ነገር፤ ሣጥኑ ያልተሰበረ፤ ቁልፉ ያለው በአንድ ሰው አንገት። እኔስ ብሆን ማንን እጠረጥራለሁ?

ወሬው የመጣው ከገበያ ነው። «ቀትር ላይ ሰው ሲበተን ሽማግሌው ኃይሉን ለመንገደኛ ስልክ መሙያ ያዞረዋል» ተባለ። ዶክተሯ በአፏ አልተናገረችኝም። ነገር ግን ድሮ ምሳዋን ልትበላ ስትሄድ «አባባ፣ ደህና ይዋሉ» ትለኝ የነበረችው ልጅ፣ አሁን ዞር ብላ ሣጥኑን ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች፣ ትሄዳለች። ያ ዞር ማለቷ ከስድብ ይብሳል። እኔም መልአክ አልሆንሁም፤ በልቤ እሷን ጠረጠርኋት። ከውስጥ ሆና ብታጠፋውስ? የውኃ አባቱንም ጠረጠርሁ። የውኃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚያካፍል ሽማግሌ ነው። የእኔው እኩያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የውኃ ሌባ ሲያድን ስለኖረ፣ ሰላምታ ሲሰጥህ እንኳ እጅህን እያየ ነው።

አውጫጭኝ ይጠራ ያለውም እሱ ነው።

አውጫጭኝ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ጥፋት ደርሶ ጥፋተኛው ካልታወቀ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እያንዳንዱ በተራው ይጠራና የጠረጠረውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። የተናገረው ሰው ማንነት አይወጣም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹም እንዳያወጡ ምለው የተቀመጡ ናቸው።

ከጤና ኬላው በታች ካለው ማሳ ላይ ተቀመጥን። ሰው አንድ በአንድ ሄዶ እያንሾካሾከ ተመለሰ። ሲመለሱ ማን ወደ እኔ እንደሚያይ፣ ማን ወደ መሬት እንደሚያይ ልለይ ሞከርሁ፤ ሁሉም ወደ መሬት አዩ። በመጨረሻ የውኃ አባቱ ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ።

«ወፏ ቁልፍ ያዡን ብላለች።»

«አንዲት ወፍ ናት ወይስ መንጋ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ባለ ሱቁ ነው። ሙስሊም ነው፤ አባቱም አያቱም በሰቆጣ ገበያ በንግድ የኖሩ ናቸው፤ እሱ ከእኛ ዘንድ ወርዶ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሱቅ ከፍቷል።

«ወፍ አይቆጠርም!» አለ የውኃ አባቱ።

«እኛስ ዘንድ ወፍ ከማሽላ ላይ ይባረራል እንጂ አይታመንም።»

ሰው ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። የሚመጣብኝን አውቄዋለሁ። ቁልፉን መመለስ ብቻ አይደለም፤ አደራ የበላ ሰው ከጽዋ ማኅበር ይወጣል። ሲሞት የሚቀብረው አይጠፋ ይሆናል፤ በሕይወት ሳለ ግን እሱ በደረሰበት ወሬ ይቆማል። በዚህ ዕድሜዬ ወሬ የሚቆምብኝ ሰው ልሆን ነው።

ባለ ሱቁ ተነሣ። «የኃይል ባለሙያ ከሰቆጣ ተጠርቷል አይደል? እሱ መጥቶ እስኪያይ ቁልፉ ባለበት ይቆይ። እኔ ዋስ ነኝ።»

«ለምኑ ነው ዋስ የምትሆነው?» አለ የውኃ አባቱ።

«ለሰውዬው። ሣጥኑን አላውቀውም።»

«ቢገኝበትስ?»

«እኔንም ከሱቄ አስነሡኝ። ወላሂ እነሣለሁ።»

ይኼን ሲል ዕንባዬ መጣ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። እውነቱ ግን እሱንም ጠረጠርሁት። ሰው በከንቱ ዋስ ይሆናል? ምን ፈልጎ ነው? ሽማግሌዎቹ ዋስነቱን ተቀብለው ሲበትኑን፣ እንዲህ እያልሁ ነው ወደ ቤቴ የገባሁ።

ከሰቆጣ የተጠራው ቴክኒሻን በሞተር መጣ፤ ከአቧራው የተነሣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ። የመጣ ዕለት ማንም ሥራ አልሄደም፤ ሰው ሁሉ ጉብታው ላይ ወጣ። «ሣጥኑን ይክፈቱልኝ አባባ» አለኝ። ቁልፉን ከአንገቴ ሳላወልቅ ጎንበስ ብዬ ከፈትሁለት። ከበሩ ውስጥ ሌላ የቆርቆሮ ክዳን አለ፤ ፈታው። ከቦርሳው ላፕቶፕ አወጣ፤ ቀጥሎ የክብሪት ቤት የምታክል ነገር አወጣ። በአንድ ወገኗ ወደ ላፕቶፑ የሚሄድ ገመድ አላት፤ በሌላው ወገኗ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተንጠልጥለዋል።

እኔ ደግሞ በጦርነቱ ሰው ዕቃ ሲፈታ ብዙ አይቻለሁ። በዚያ ቤት ፊት መፈታት የጀመረ ነገር ሁሉ ተጭኖ ነው የሄደው። ስለዚህ የቆርቆሮውን ክዳን አነሣሁና ተቀመጥሁበት። ክዳኑን ትቶ የትም አይሄድም ብዬ ነው። ለዶክተሯም በኛው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ «እጁን ጠብቂ፤ ዓይንሽን እንዳታነሺ» አልኋት።

ቴክኒሻኑ ሽቦውን እየሰካ፣ ቀና ሳይል፣ በዚያው በኽምጣኛ መለሰልኝ። «ኪሴንም ያስጠብቁ እንጂ አባባ፤ ቀዳዳ ነው።»

የዚሁ አገር፣ የአምደወርቅ ልጅ ኖሯል! ዶክተሯ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን ከክዳኑ አልተነሣሁም። የአገር ልጅ መሆኑ ምኑ ዋስትና ነው?

«ይች ትንሿ ምንድን ናት?» አልሁት።

«አስተርጓሚ በሏት። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ማሽኖች በሁለት ሽቦ ነው የሚነጋገሩት። የላፕቶፑን ቋንቋ አያውቁም፤ ላፕቶፑም የነሱን አያውቅም። እሷ መካከል ሆና ታገናኛለች።»

«አስተርጓሚ ይዋሻል።»

«የሰው ነው የሚዋሽ።»

«ማን ያውቃል» አልሁ።

ውስጥ ሦስት ማሽኖች አሉ አለን። ሁለቱ ኃይል የሚሰጡ ናቸው፤ ሦስተኛው ባትሪውን ይጠብቃል። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ከላፕቶፑ አንዱ በቁጥሩ ሲጠራ እሱ ብቻ ይመልሳል፤ ሌሎቹ እየሰሙ ዝም ይላሉ።

የውኃ አባቱ ይኼን ሲሰማ ሰዉን ገፍቶ ተጠጋ። «አውጫጭኝ ነው እንዴ?»

«እንደዚያው ነው አባቴ። ወፍ ግን የለም፤ ሁሉም ስለ ራሱ ነው የሚናገረው።»

ጠራ። አንደኛው መለሰ። ምን ያህል ኃይል እንደገባለት፣ ምን ያህል እንዳወጣ፣ ገላው ምን ያህል እንደሞቀ፣ ሳይደብቅ ተናገረ። ቁጥሩ ላፕቶፑ ላይ ተደረደረ፤ ዶክተሯ እያነበበች አሰማችን። ሁለተኛውን ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራው። ዝም።

«እሱ ነው!» የውኃ አባቱ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ሰው አወጣጥቻለሁ፤ ሌባ ሲጠራ መጀመሪያ ዝም ነው የሚለው!»

«ውስጡ ተሸጦ ቀፎው ቀርቶ ይሆናል» አለ ሌላ ሰው። ይኼን ሲል ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቆርቆሮው ላይ ሆኜ ላብ አጠመቀኝ።

ቴክኒሻኑ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ አንዲት ሽቦ ጫን አደረገ። እንደገና ጠራ። መለሰ። «ሽቦው ላልቶ ነው። አልሰማም እንጂ ጥፋት የለበትም።» ሦስተኛውም ሲጠራ መለሰ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ልጄ፣ ይኼ ነገርህ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያውቀው ወይስ ያዛል?»

ቀና አለ። ሊዋሸኝ ይችል ነበር። «ማዘዝም ይችላል አባባ። ጥፋ ቢሉት ይጠፋል። ዛሬ ግን ማዘዣውን ዘግቼዋለሁ፤ መጠየቅ ብቻ ነው።»

«ቁልፍ ሳይነካ?»

«አንዴ ሽቦው ከገባ ቁልፍ አያሻም።»

ሰው አጉረመረመ። «እሱ ራሱ ነዋ ሲያጠፋው የከረመው!» «ይኼን የመሰለ ነገር ሌላም ሰው ቢኖረውስ?» ሞተሩን የከበቡ ነበሩ። ለአፍታ ቀለል አለኝ፤ ያ ሁሉ ዓይን ከእኔ ላይ ተነሥቶ እሱ ላይ ዐርፏል። ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። ያን ላብ አውቀዋለሁ። «ተዉት፤ ሲጠየቅ ያልደበቀ ሰው ነው» አልሁ። የሰማኝ የለም።

ባለ ሱቁ ነው ነገሩን የያዘው። «ሰዎች፣ ቀትር ቀርቧል። የሚጠፋ ከሆነ በፊታችን ይጥፋ። ሁሉም እጁን እያሳየ ይቀመጥ።»

ቴክኒሻኑ ተስማማ። የሚጠፋው ተዘግቶ ሳለ ስለሆነ ሣጥኑ ይዘጋ አለ። «ክዳኔን ይስጡኛ አባባ።» ተነሥቼ ሰጠሁት። ገጠመው። ሽቦዎቹን በበሩ ስንጥቅ አወጣቸው፤ እኔ ቆለፍሁ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ፣ ዶክተሯ መሬት ላይ ባነጠፈችው ነጠላ ላይ፣ በሰው ሁሉ መካከል አስቀመጥሁት። አንገቴ እንዴት ባዶ እንደሆነብኝ። የውኃ አባቱ ግን አልበቃውም። ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ ትቶ እንዲርቅ፣ እጁንም አናቱ ላይ እንዲያደርግ ጠየቀ።

ቴክኒሻኑ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቆመ። «እንዲህ ሆኜ ሌላ ጊዜም ቆሜ ነበር» አለ። ያን ቃል ሁላችንም አወቅነው። የጦርነቱን ጊዜ ነው።

ላፕቶፑ ላይ መስመር ይሳላል። ከታች የተጋደመው ኃይሉ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው የማሽኖቹ ሙቀት ነው፤ ከበላይ ደግሞ አንድ ቀይ መስመር አለ፤ ወሰናቸው ነው ተባልን። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ሙቀቱ እንደ ሽቅብ መንገድ እያዘገመ ወጣ። ዶክተሯ ቁጥሩን እየጠራች ነው። ሰው ሁሉ ወይ ቁልፉን ያያል፣ ወይ የቴክኒሻኑን እጅ ያያል፣ ወይ እኔን ያያል። እኔ ፍሪጁን አዳምጣለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ድምፁ ይሰማል። መስመሩ ቀዩን ነካ። ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ። ፍሪጁ ዝም አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። ቁልፉ ነጠላው ላይ ነው።

«ራሱ ነው» አለች ዶክተሯ። «ሲግል ራሱን ያጠፋል።»

«እንዳይቃጠል ነው» አለ ቴክኒሻኑ፤ እጁን አወረደና ወደ ግድግዳው ሄደ። «ሲበርድ ይነሣል። ግን እንደዚህ ሊግል አይገባውም፤ በጎንና በጎኑ መተንፈሻ አለው እኮ።» ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። «ይኼን ማን መረገው?»

አሁን ዝምታው የኛ ሆነ።

ጤና ኬላው ሲታደስ፣ ሣጥኑ ከተገጠመ ቆየት ብሎ፣ ውጭውን ግድግዳ በደቦ ነው የመረግነው፤ ጭቃ፣ ጭድ፣ እበት። ሣጥኑ ጎን ላይ የተደረደሩ ስንጥቆች ነበሩ። ከእኛ ዘንድ እህል የሚቀመጥበት ጎታ ስንጥቅ ካለው ይመረጋል፤ ነቀዝና አይጥ እንዳይገባ። ስንጥቅ አይቶ ዝም የሚል ቤተሰብ ሰነፍ ነው የሚባለው። እኛም ደህና አድርገን ደፈንነው፤ በላዩም ቀይ አፈር ለቀለቅንበት፤ ከግድግዳው የሚለየው አልነበረም።

«አንተ አይደለህም እንዴ!» አለች አንዲት ሴት የውኃ አባቱን። «'አይጥ ይገባል፣ አይጥ ይገባል' ብለህ እኛን እየተቆጣህ፣ ጭቃውን በገዛ አውራ ጣትህ የጠቀጠቅኸው!»

«ጎታ መስሎኝ ነዋ!»

«ጎታ አይተነፍስም አባቴ» አለ ቴክኒሻኑ። «ይኼ ግን ይተነፍሳል።»

በማጭድ ጫፍ ተፋቀ። ጭቃው ሲወድቅ ከውስጥ የወጣው ትኩሳት ፊት ይለበልብ ነበር። መስመሩ ወረደ፤ ቆየት ብሎ ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። ለአይጡ ደግሞ ከአሮጌ ወንፊት ቁራጭ ተወስዶ ስንጥቁ ላይ ተወጠረበት። የውኃ አባቱ ቁልፉን ከነጠላው ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይቅር በለኝ» አለኝ። «ይቅር ለእግዜር» አልሁት። ክትባቱም ከሰቆጣ ተመለሰ።

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። የውኃ አባቱ አፍ ብቻ ነበር፤ የተናገረችው ወፏ ናት። ማን ናት? በማኅበሩ ዕለት ጽዋ የሚያቀብለኝን ሰው ጣት ጣቱን አያለሁ፤ አንተ ነህ? ዶክተሯ «አባባ፣ ደህና ይዋሉ» ማለቷን ጀምራለች፤ እኔ ግን፣ አንቺ ነሽ? ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ሲያወራ ካየሁ መንገድ ለወጥሁ። ወሬ እንዳይቆምብኝ የፈራሁት ሰውዬ ወሬ የሚሸሽ ሆንሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን «ሰው ከጠረጠረህ ጊዜ ይልቅ አሁን ከሳህ» አለችኝ።

ቁልፉን ለሌላ ሰው ልሰጥ ቆርጬ ወደ ሱቁ ወረድሁ። ዋሴ ነውና ለእሱ መንገር አለብኝ። ጨው እየሰፈረ ነበር።

«ወፏን ካላወቅሁ ከዚህ ሰው ጋር አልኖርም» አልሁት።

«ማወቅ ነው የቸገረህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

ዱላዬን ጨበጥሁ። «ምን አልህ?»

«እኔ ነኝ በል» አለ፤ መስፈሪያውን አስቀመጠ። «አንድ ሰው መጠርጠር ካለብህ እኔን ጠርጥር፤ እኔ እችለዋለሁ። የቀረውን ሰው ግን ደህና አድርገህ ሰላም በል። ዋስህ አይደለሁም እንዴ?»

ፊቱን ብዙ አየሁት። እየቀለደ ነው? እውነቱን ነው? እሱም ያን ዕለት እንደ ሰው ሁሉ በተራው ተጠርቶ ከሽማግሌዎቹ ጆሮ ሥር ተቀምጦ ነበር። ዛሬም ድረስ አላወቅሁትም። ሰው ሲጠረጠር ግንባሩ ያልበዋል፤ የእሱ ግን ደረቅ ነበር፤ ደግሞ ጨዉን መስፈር ጀመረ። ስወጣ የውኃ አባቱ በመንገዱ ሲያልፍ አገኘሁት። እንደ ልማዱ እጄን አየ፤ እኔ ፊቱን አየሁና «እንዴት ዋልህ ወንድሜ» አልሁት፤ ከልቤ ነበር። ቆሞ ስለ ውኃው ተራ እስኪመሽ አወራኝ።

ቁልፉን አልመለስሁም። ያን ክፉ ሰሞን ማን አሻገረህ የሚለኝ ካለ፣ ባለቤቴም ቴክኒሻኑም አይቀየሙኝ፤ ያሻገረኝ መታጠፊያው ላይ ያለው ባለ ሱቁ ነው።